ጆሮሽ ይታይ

ስድስት መቶ ሠርግ ፎቶ ያነሳ ሰው የራሱን ሠርግ እንዴት የሚደግስ ይመስላችኋል? እኔ ጨርሶ አይደግስም ብዬ ነበር። ጓደኛዬ ግን ደገሰ፤ ያውም ማንም ሰምቶት በማያውቀው ዓይነት። የጥሪ ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ «ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት በስቱዲዮአችን ተገኝተው ጉርድ ፎቶ እንዲነሱልን በአክብሮት እንጠይቃለን። ኮፍያ፣ ጥቁር መነጽርና ፈገግታ ክልክል ነው።»

ይህ ጓደኛዬ «ድጋሚ» ነው የሚባለው። ስሙን ያወጡለት ደንበኞቻችን ናቸው። ፎቶ አንስቶ፣ የተነሳውን ሰው ትክ ብሎ አይቶ፣ «ድጋሚ!» ሳይለው የለቀቀው ሰው የለም። ከአንድ መነጽር ቤት በላይ ባሉት ሁለት የስቱዲዮአችን ክፍሎች ዘጠኝ ዓመት አብረን ሠርተናል። እሱ ያወራል፣ እኔ መብራት አስተካክላለሁ። ሙሽሪትንም ያገኛት እዚያው ነው። ፋርማሲስት ናት፤ ለሥራ ፈቃዷ ጉርድ ፎቶ ልትነሳ መጥታ ሰባት ጊዜ ድጋሚ አስቀመጣት። በስምንተኛው ላይ፣ «አንተ ሰውዬ፣ እያነሳኸኝ ነው ወይስ እያየኸኝ?» አለችው። «እያየሁሽ» አላት። የእሱ ልብና ምላስ ጎረቤታሞች ናቸው። የእኔዎቹ የሚተዋወቁም አይመስለኝም።

«ስድስት መቶ ጊዜ አክስቶችን በቁመት ደርድሬያለሁ፤ በራሴ ሠርግ ማንንም አልደረድርም» አለ። ፊርማው ሐሙስ ዕለት በሁለት ምስክር ፊት አለቀ። የቅዳሜው ድግስ ደግሞ እንዲህ ነው፦ እንግዳው ሁሉ አንድ በአንድ ጉርድ ፎቶ በምናነሳባት መደገፊያ የሌላት ክብ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ለሙሽሮቹ ከዚህ በፊት ነግሯቸው የማያውቀውን አንድ ነገር፣ አንድ ብቻ፣ ይናገራል። ተናግሮ አፉን ሲዘጋ ይነሳል። ስልክ በር ላይ ባለው የፕላስቲክ ሳፋ ውስጥ ይቀራል። ፎቶው የሚነሳው በአሮጌዋ የፊልም ካሜራችን ነው፤ አንድ ጥቅል፣ ሠላሳ ስድስት ፎቶ፣ ከዚያ ኬክ። ሠላሳው ለሠላሳው እንግዳ፣ ስድስቱ ለሙሽሮቹ። አንሺው እኔ ነኝ።

«አደራህን» አለኝ፣ ከረባቱን እያሰርኩለት። «አንተ ካበላሸኸው ማግባቴን የማስረዳበት ሌላ ነገር የለኝም።»

«ፊርማህስ?»

«ፊርማ ምን ያሳያል? ደስ ይበለኝ አይበለኝ አያሳይም።»

አሁን ወደ ራሴ ጉድ ልምጣ። ሙሽሪት ታላቅ እህት አለቻት። ዳኛ ናት። አንገቷ ቀጥ ያለ፣ ሰው ሲናገር ዓይኗን የማትነቅል፣ ለሚዋሻት ሰው ከመናደድ ይልቅ የምታዝን። ስምንት ወር ሙሉ ረቡዕ ረቡዕ ከችሎት ስትወጣ፣ «እህቴን ላገኛት ነው» እያለች ወደ ስቱዲዮአችን ትመጣለች። እህቷ ረቡዕ ረቡዕ መድኃኒት ቤት ተረኛ መሆኗን ሦስታችንም እናውቃለን። ክብ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ሻይዋን እየጠጣች የዕለቱን ክርክር ትነግረኛለች። እኔ መብራት አስተካክላለሁ። ስምንት ወር ሙሉ የሚስተካከል መብራት አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ምን አስፈራህ ትሉኝ ይሆናል። አባቷ ናቸው። ጡረታ የወጡ የቀዶ ሕክምና ፕሮፌሰር ናቸው። እናቴ እሳቸው በሚሠሩበት ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታ የእሳቸውን ጋዋን በእጇ ስትተኩስ ኖራለች፤ የፕሮፌሰሩን ስም መጀመሪያ ያነበብኩት በደረት ኪስ ላይ በቀይ ክር ተጠልፎ ነው። ድጋሚ ሙሽሪትን ሊጠይቅ ቤታቸው ሲሄድ ለድፍረት ብሎ እኔን አስከተለኝ። የመጻሕፍት መደርደሪያው መሰላል የቆመለት ሳሎን ውስጥ ተቀመጥን። ፕሮፌሰሩ ሁለታችንንም አዩንና፣ «ይሁን» አሉ። «ግን ለአንድ ቤተሰብ አንድ ፎቶ አንሺ ይበቃል።» ድጋሚ ከት ብሎ ሳቀ። እኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም።

ከሠርጉ ሦስት ሳምንት በፊት ደግሞ ደብዳቤ ደረሰኝ። በታሸገ ፖስታ፣ በእሷ ቀጥ ቀጥ ያለ የእጅ ጽሕፈት፦

«የዝውውር ደብዳቤ ደርሶኛል። ከሠርጉ ቀጥሎ ባለው ሰኞ ወደ አዲሱ ምድቤ እሄዳለሁ፤ በአውቶቡስ የአሥር ሰዓት መንገድ ነው። ስምንት ወር ሙሉ ወደ ስቱዲዮአችሁ የተመላለስኩት ለሻይ አይደለም። ሻይ ቤቴም አለ። የምትለኝ ነገር ካለ በጽሑፍ አሳውቀኝ።»

አምስት ቀን ጻፍኩ፣ አምስት ቀን ቀደድኩ። በመጨረሻ የማውቀውን ነገር ልሥራ ብዬ ፎቶ አነሳሁ። ክብ ወንበሯን መስኮቱ ሥር አስጠጋሁና የረፋዱ ብርሃን ሲያርፍባት ባዶዋን አነሳኋት። «ቦታሽ ነው፣ ነይና ተቀመጪ» ማለቴ ነበር። ፎቶውን አጥቤ ላክሁላት፤ ጀርባው ላይ ምንም አልጻፍኩም። ፎቶው ራሱ ይናገራል ብዬ ነዋ! ዘጠኝ ዓመት በዚህ ሙያ ቆይቼ ፎቶ አፍ እንደሌለው ያልገባኝ ሰው ነኝ። መልስ አልመጣም። ረቡዕ መጣ፣ እሷ ቀረች። የሚቀጥለውም ረቡዕ እንዲሁ። የቀረኝ ይህ ቅዳሜ ብቻ ነበር።

*

ለስምንት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ፊልሙን ካሜራው ውስጥ እያስገባሁ ነበር። ጫፉን ስቤ መጠቅለያው ላይ ላስይዘው ስል በሩ ተከፈተና ዳኛዋ ገባች። ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳለች። ስልኳን ሳፋው ውስጥ አስቀምጣ ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ለአፍታ ብቻ። ከዚያ እንደ ተዘጋ መዝገብ አለፈችኝ። እኔም የካሜራውን ጀርባ ቀጭ አድርጌ ዘጋሁት።

መጀመሪያ ወንበሩ ላይ የወጡት ድጋሚን ያሳደጉት አክስቱ ናቸው። በር የሚጠብባቸው ሴት ናቸው፤ ባርኔጣቸው ደግሞ ከእሳቸው ይሰፋል።

«እትዬ፣ ባርኔጣው…» አልኩ።

«ምን ሆነ?»

«ክልክል ነው።»

«ይህን ልጅ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ክልክሉን ለሌላ ሰው ንገር።»

ድጋሚ ከነጩ ሸራ አጠገብ ሆኖ፣ «አክስቴ፣ ጆሮሽ ካልታየ እኮ ማንነትሽ አይረጋገጥም» አላቸው።

«ዕድሜህን ሙሉ የቆነጠጠህ እጄ አላረጋገጠልህም?» አሉት፤ ግን አወለቁ። ወንበሯ ላይ ተደላድለው ለሙሽሮቹ የሚሉትን አሉ፦ «ተባረኩ። ውለዱ፣ ክበዱ።» ቁልፉን ተጫንኩ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ እንዲሁ ነው። ነግረናችሁ የማናውቀውን እንናገራለን ብለው የመጡ ሰዎች ስድስት መቶ ሠርግ ላይ የሰማነውን ይደግማሉ። «ሺህ ዓመት ያኑራችሁ።» «ፍቅራችሁ ይለምልም።» አንዱ እንዲያውም ከወረቀት አነበበ። ፈገግታ ክልክል ነው ስለተባለ ሁሉም ይህን የሚለው ቀብር የደረሰ መስሎ ነው። ፕሮፌሰሩ ጉልበታቸው ላይ እጃቸውን አድርገው፣ «መልካም ጋብቻ» ብለው፣ መድኃኒት እንዳዘዘ ሰው ብድግ አሉ። የድጋሚ ፊት ላይ ሳቅ አለ፣ ግን አውቀዋለሁ፤ ቅር ብሎታል።

አሥራ አምስተኛዋ ዳኛዋ ነበረች። ተቀመጠች። ከእሷ በቀር ማንም ያን ያህል ቀጥ ብሎ ተቀምጦባት አያውቅም። እኔ ለሰው ሁሉ እንደማደርገው አገጯን ላስተካክል ጠጋ አልኩ። ያን ጊዜ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ለእኔ ብቻ፣

«ሰኞ እሄዳለሁ» አለችኝ። «የምትለኝ ነገር አለ?»

እስቲ አስቡት። ስምንት ወር። አምስት ቀን የተቀደደ ወረቀት። በእሷ ፊትና በእኔ ፊት መካከል አንድ ስንዝር ብቻ። ልቤ እንደሚንኳኳ በር ይመታል። አፌን ከፈትኩ።

«ጆሮሽ ይታይ» አልኩ።

እውነቴን ነው። ያልኩት ይህንኑ ነው። ዘጠኝ ዓመት በቀን ሃምሳ ጊዜ የተናገርኩት ስለሆነ ልቤ እየተንደረደረ እያለ ምላሴ ቀድሞት ደረሰ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር፤ ግን ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነን፣ የምትውጠኝ መነጽር ቤት ነች።

ዳኛዋ ብዙ አየችኝ። ከዚያ በቀኝ እጇ ፀጉሯን ከቀኝ ጆሮዋ ኋላ አደረገች። ቀጥላ በግራ በኩል።

«አሁንስ ይታያል?»

«ይታያል።»

ወደ ሙሽሮቹ ዞር ብላ፣ «በትዳራችሁ ደስ ይበላችሁ» አለች። ቁልፉን ተጫንኩ። ይግባኝ የሌለው ፍርድ የተፈረደበት ሰው ምን እንደሚሰማው ያን ጊዜ ገባኝ።

*

ሠላሳኛው እንግዳ ተነሳ። ሙሽሮቹን አምስት ጊዜ አነሳኋቸው። ስድስተኛውን አነሳሁ። የካሜራዋ ቆጣሪ ሠላሳ ስድስት አለ። ፊልሙ ስላለቀ መሳቢያ ዘንጓን በአውራ ጣቴ ስስብ መቆም ነበረባት። አልቆመችም።

አንዳንዴ ጥቅሉ አንድ ተርፎት ይመጣል። «አንድ ትርፍ አለን፣ ተሳሳሙ» አልኩ። ተሳሳሙ። ሠላሳ ሰባት። እንግዳው አጨበጨበ። ሳብኩ፤ መጣች። ሠላሳ ስምንት።  «እ… አንድ ጊዜ ደግሞ ተሳሳሙ።» ሠላሳ ዘጠኝ። አርባ። አርባ አንድ። ሙሽሪት፣ «ይሄ ሰውዬ ከንፈራችንን ሊጨርሰው ነው?» አለች።

ድጋሚ አልሳቀም። ዓይኑ ካሜራዋ ግራ ጫፍ ላይ ያለችው ትንሽ ቁልፍ ላይ ተተክሏል። ፊልሙ ሲሳብ እሷም አብራ መዞር አለባት። ካልዞረች ፊልሙ አልተንቀሳቀሰም ማለት ነው። ይህን ለማንም ጀማሪ የምናስተምረው በመጀመሪያው ቀን፣ ከሻይ በፊት ነው።

«ሳባት» አለኝ በቀስታ። ሳብኳት። ቁልፏ ንቅንቅ አላለችም።

«አልያዘም?»

«አልያዘም።»

«ከመጀመሪያው?»

«ከመጀመሪያው።»

ሠላሳ ሰው አንስቼ አንድም ሰው አላነሳሁም። ጀርባውን ስዘጋ ማንን እያየሁ እንደነበር እናንተ ታውቃላችሁ። ድጋሚም ያወቀ መሰለኝ፤ ምክንያቱም ወደ እኔ፣ ከዚያ ወደ ሰማያዊው ቀሚስ፣ ከዚያ ተመልሶ ወደ እኔ አየ።

«ምንድን ነው የምትንሾካሾኩት?» አሉ አክስቱ።

መንገር ነበረብኝ፤ ነገርኳቸው። ፊልሙ አልተጠቀለለም፣ አንድም ፎቶ የለም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩ።  ሙሽራው ሊያለቅስ ነው ሊሳደብ ብለው ሁሉም ድጋሚን ሲጠብቁ፣ አንዱ ከኋላ፣ ድሮ አሥራ አንድ ጊዜ አስቀምጦ ያነሳው ደንበኛችን፣ ጉሮሮውን ጠረገና፣

«ድጋሚ!» አለ።

ሌላው ተቀበለ። ከዚያ ሠላሳው በአንድ አፍ፣ ጠረጴዛ እየደበደቡ፣ «ድጋሚ! ድጋሚ! ድጋሚ!» ዘጠኝ ዓመት የተጠራቀመ በቀል ነው። ሙሽራው መጀመሪያ ቀላ፣ ቀጥሎ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። እኔን ግን ሳቁ አልነካኝም። ዳኛዋ ሰዓቷን አየች።

*

ሌላ አንድ ጥቅል ፊልም አለን፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ከወተቱ አጠገብ። የቀዘቀዘ ፊልም ደግሞ ሳይሞቅ ከተከፈተ ጤዛ ይይዘዋል፤ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ግድ ነው። ይህን ሳስረዳ አክስቱ እጃቸውን ዘረጉ።

«ወዲህ በለው።»

«ምን ሊያደርጉት ነው?»

«ሦስት ልጅ አሙቄ ያሳደግኩ ሰው ነኝ» ብለው ፊልሙን ከነቆርቆሮው ጡታቸው መሃል ከተቱት። ከዚያ በኋላ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ተቀመጡ፤ አጠገባቸው ጮክ ብሎ የተናገረውን ሁሉ «ቀስ!» እያሉ ይገሥጻሉ።

መጠበቅ ሰውን ይፈታዋል። ኬኩ ከፎቶ በፊት ተቆረጠ። ጫማ ወለቀ። ከረባት ላላ። ፕሮፌሰሩ ኮታቸውን አውልቀው መስኮቱ ላይ ተደገፉ። ዳኛዋ ቦርሳዋን አንስታ ልትሄድ ስትል እህቷ እጇን ያዘችና ጆሮዋ ላይ አንድ ነገር አለቻት። ቦርሳዋን መልሳ አስቀመጠች። እኔ ከመብራቱ ጋር ሆኜ እያየሁ ነበር። እስካሁን ምን እንዳለቻት አላውቅም፤ እግዜር ይስጣት።

አክስቱ ፊልሙን እንደ ሕፃን አውጥተው ሰጡኝ። «ለብ ብሏል» አሉ። ይህን ጊዜ ጫፉን አስይዤ፣ ጀርባውን ዘግቼ፣ ሳብኩ። ትንሿ ቁልፍ ዞረች። ድጋሚም ጎንበስ ብሎ አያት። ሙሽሪትም አየቻት። ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አድርገው መጥተው አዩዋት።

ከዚያ እንግዳው እንደገና መቀመጥ ጀመረ። መጀመሪያ ሙሽሮቹ፣ ቀጥሎ አክስቱ። አፋቸውን ከፈቱ፣ መልሰው ዘጉት።

«ያንን ምርቃቴን ብያለሁ» አሉ። «ሌላ አላዘጋጀሁም።»

«የመጣልሽን በይ» አላቸው ድጋሚ።

ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። ከዚያ፣ «ፎቶ አንሺ እሆናለሁ ስትለኝ ሰፈር ለሰፈር ሐኪም ሊሆን ነው እያልኩ አወራሁ» አሉት። «ስላፈርኩብህ አፈርኩ። ይኸው ነው።» ጉንጫቸው ላይ እንባ ወረደ፤ ግን ደንቡን አልረሱም፣ ፈገግ አላሉም፣ ጆሮዎቻቸውም ይታያሉ። ቁልፉን ተጫንኩ።

ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ሰው የተዘጋጀበትን አንድ ጊዜ ይናገራል። ድገም ሲባል ያለቀበትን ትቶ ያለውን ያወጣል። ወረቀት ያነበበው ሰውዬ ሙሽሪትን ከአሥር ዓመት በፊት ሊጠይቃት ፈርቶ እንደቀረ ተናገረ፤ ሚስቱ ከጎኑ፣ «እንኳን ቀረህ!» አለችውና ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ፕሮፌሰሩ ተቀመጡ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ድጋሚን አዩት።

«ልጄን ሰባት ጊዜ ድጋሚ ስታስቀምጣት እኔ ታች መኪና ውስጥ እየጠበቅኋት ነበር» አሉ። «ተናድጄ ነበር። እየሳቀች ወጣች። እናታቸው ካረፈች በኋላ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው።»

 ቁልፉን መጫኑን ራሱ ረሳሁት። ሙሽሪት አባቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች፤ ድጋሚ አፉን ከፍቶ ቃል ሲያጣ በዘጠኝ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ።

*

ዳኛዋ ተራዋ ሲደርስ፣ «እኔ መጨረሻ» አለች። መጨረሻው ደረሰ። ሁለት ፎቶ ብቻ ቀርቶኛል። ተቀመጠች፤ ፀጉሯን አስቀድማ ወደ ኋላ ጠቅልላዋለች። ጠጋ አልኩ። ይህን ጊዜ ትጠይቀኛለች ብዬ አፌ ላይ መልሴን ደቅኜ ጠበቅኩ። 

«አትጠይቂኝም?» አልኳት በሹክሹክታ።

«የጠየቅሁትን ጥያቄ አልደግምም» አለች። ሹክሹክታ ግን አልነበረም። ከዚያ ዓይኗን ከእኔ ሳታነሳ ለእህቷ ተናገረች። «እህቴ፣ ቀንቼብሻለሁ። አንቺ ጉርድ ፎቶ ልትነሺ መጥተሽ ባል አገኘሽ። እኔ ስምንት ወር ተመላልሼ፣ ደብዳቤ ጽፌ፣ የተላከልኝ የወንበር ፎቶ ነው።»

ሠላሳ ሰው ወደ እኔ ዞረ።

«የምን ወንበር?» አሉ አክስቱ።

«ይቺ የተቀመጥኩባት።»

«ማን ተቀምጦባት?»

«ማንም። ባዶዋን።»

«ባዶ ወንበር? ለሴት ልጅ?» አክስቱ ባርኔጣቸውን መልሰው አጠለቁት፤ ለእኔ ጆሯቸውን እንኳ ሊያሳዩ አልፈለጉም። «አይ አንተ ልጅ!»

እኔ የማውቀውን አደረግኩ። ካሜራዋን ወደ ዓይኔ አነሳሁ። ከኋላዋ ስሆን ማንም አያየኝም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የምደበቅበት ስፈልግ ኖሬ ያገኘሁት ጥሩ ቦታ ነው። አንድ እጅ መጥቶ ካሜራዋን ቀስ አድርጎ ከፊቴ አወረዳት። ድጋሚ ነው።

«እኔ አነሳለሁ» አለኝ። «አንተ ተናገር።»

«ሙሽራ ነህ እኮ።»

«ተናገር አልኩህ።»

ባዶ እጄን ቆምኩ። ዘጠኝ ዓመት ለሰው ሁሉ «እጅህን እዚህ አድርገው» ያልኩ ሰው የራሴን የማደርግበት ጠፋኝ። ኪሴ ውስጥ ከተትኳቸው፣ አወጣኋቸው፣ አጣመርኳቸው፣ ፈታኋቸው።

«ወንበሯን ባዶ ያነሳኋት…» ድምፄ ቀጠነ። «አንቺ ስትሄጂ እንደዚያ ስለምትሆን ነው። ነይና ተቀመጪ፣ ቦታሽ ነው ማለቴ ነበር።»

ዳኛዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን አርገበገበች። «እኔ ቦታሽን ለቀሻል፣ መልካም መንገድ ያልከኝ ነው የመሰለኝ» አለች። «ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰው ሲከራከር እኔ የማየው ወንበር ነው።»

«ታዲያ 'ነይ' ብሎ መጻፍ ምን ያቅታል?» አሉ አክስቱ ለጎረቤታቸው። «ሁለት ፊደል!»

«አባትሽን ፈርቼ ነው» አልኩ። አንዴ ከጀመርኩ ወዲያ ማቆሚያ አጣሁ። «ለአንድ ቤተሰብ አንድ ፎቶ አንሺ ይበቃል ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

ሠላሳ አንገት ወደ መስኮቱ ዞረ። ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

«ብያለሁ» አሉ። «አሁንም እላለሁ። ግን እኔ ያልኩት በዚያ ቤት መቼ ተደምጦ ያውቃል?»

«በጭራሽ!» አሉ ሁለቱ ልጆቻቸው በአንድ ድምፅ።

ሳቁ ክፍሉን ሞላው። ዳኛዋ ግን አልሳቀችም፤ እጇን ከፍ ስታደርግ ሳቁ ቆመ። እንዲህ ዓይነት እጅ ነው ያላት። «አባቴን ተወው» አለችኝ። «ያነጋገርኩህ እኔ ነኝ። ጠየቅሁህ፤ መልስህ ስለ ጆሮዬ ነበር።»

«እወድሻለሁ» አልኩ።

በቃ ወጣ። እንደዚያ ቀላል መሆኑን ባውቅ ስምንት ወር መብራት ባላስተካከልኩ። «ከመጀመሪያው ረቡዕ ጀምሮ እወድሻለሁ። መብራቱ አንድም ቀን ችግር አልነበረበትም። አንቺን ለማየት ነው የምነካካው። ሰኞ አብሬሽ እሄዳለሁ። እዚያም ሰው መታወቂያ ያወጣል፣ እዚያም ፎቶ ይነሳል። አንድ ክፍል እከራይና እዚያ እሠራለሁ።»

ይህን ስል ድጋሚ ካሜራዋን ዝቅ አደረጋት።

«አብረህ ትሄዳለህ?» አለኝ። «ስቱዲዮአችንስ?»

ስለ እሱ አላሰብኩም ነበር። ዘጠኝ ዓመት ቁልፍ የተካፈልኩትን፣ ከእናቴ ቀጥሎ ድምፁን ብዙ የሰማሁትን ሰው በሠርጉ ቀን ትቼህ ልሄድ ነው እያልኩት ነው።  «ይቅርታ» ማለት ፈለግኩ፣ አልወጣልኝም። እሱ ጥቂት ወለሉን አየ። ከዚያ፣

«ሂድ» አለ። «ትልቁን መብራት ግን አትወስዳትም።»

«አልወስዳትም።»

«ጥቁሩን መጋረጃም።»

«እሱንም።»

«እንግዲያስ ሂድ፣ አንተ ምን ታደርግልኛለህ! ፊልም እንኳ ማስገባት የማትችል!» ብሎ ካሜራዋን ወደ ዓይኑ መለሳት። ብዙ ቆየች እዚያ። ሙሽሪት ቀርባ ትከሻውን ስትነካው፣ «አይታየኝም» አለ፤ «ላብ ነው፣ ዓይኔ ውስጥ ላብ ገብቶ ነው።» ሙሽሪት መሀረቧን አውጥታ ላቡን ከዓይኑ ጠረገችለት።

ዳኛዋ አሁንም ወንበሯ ላይ ናት። ሁሉም እሷን ይጠብቃል። እጆቿን ጭኗ ላይ አደራርባለች።

«ዛሬ ውሳኔ አልሰጥም» አለች። እንግዳው አጉረመረመ፤ አክስቱ፣ «ቀጠሮ እዚህም?» አሉ። እሷ ቀጠለች። «ሠርግ ላይ የተነገረ ቃል ሙቀት አለበት። እኔ በሞቀ ቃል ሕይወቴን አልቆርጥም። ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት፣ አውቶቡስ መናኸሪያ፣ ሦስተኛው በር። ሻንጣህን ይዘህ ከመጣህ መልስህን እቀበላለሁ። ካልመጣህ አላኮርፍህም፤ አልጽፍልህም ግን።»

ድምፅዋ የችሎት ድምፅ ነው። ግን ዘጠኝ ዓመት የሰው አገጭ ሳስተካክል የኖርኩ ነኝ። አገጯ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሌላ ማንም አላየውም።

ከወንበሯ ተነሳች፣ ቀሚሷን አስተካከለች፣ በአጠገቤ አልፋ ወደ በሩ ልትሄድ ስትል ቆመች። ጣቶቿ ባዶ እጄን ያዙት፤ ቀዝቃዛ ነበሩ። ፊቷን ወደ እኔ ሳታዞር፣ እኔ ብቻ በምሰማው ድምፅ፣

«እንዳትቀር» አለችኝ። ከዳኛ አፍ የማይወጣ ቃል ነው። ስምንት ወር እንደዚያ ቀጥ ብላ ስትቀመጥ ምን ያህል ፈርታ እንደነበር ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

«አልቀርም» አልኩ። ድምፄም አልቀጠነም።